በእጅ የተቀጠቀጠ ቢላዋ አመራረጥ
ለቤትና ለሜዳ ሥራ የሚሆነውን ለሚሸጡና ለሚያሠሩ ነጋዴዎች

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ የተቈረቈረች የገበያ ከተማ ናት። ከክፍሎቿ አንዱ የሆነው ግሽ አባይ፣ በሰከላ የሚገኘውን የታላቁን ወንዝ ምንጭ በስሙ ያስታውሳል። በዚህ ክፍልም ሆነ በሌሎቹ የከተማው መደብሮች ቢላዋ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ሁለት ዐይነት ዕቃ ሊቀርብለት ይችላል። አንደኛው ከውጭ አገር በካርቶን ታሽጎ የመጣ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ እጀታው ፕላስቲክ የሆነ የፋብሪካ ቢላዋ ነው። ሁለተኛው በአገር ውስጥ ቀጥቃጭ በእሳትና በመዶሻ የተሠራ፣ ጀርባው የጠቈረ፣ እጀታው እንጨት ወይም ቀንድ የሆነ ቢላዋ ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚያብለጨልጨውን ያነሣል፤ ባለሱቁም ይህንኑ ተመልክቶ የሚያብለጨልጨውን ደጋግሞ ያዝዛል።

ይሁን እንጂ የቢላዋ መልካምነት የሚታወቀው በመደብር መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። ያማረው ቢላዋ በሁለት ሳምንት ደንዝዞ ቢገኝ፣ ወይም በእጅ የተሠራው በመጀመሪያው ቀን ስለቱ ቢሸረፍ፣ ደንበኛው የሚወቅሰው የማያውቀውን ፋብሪካ ወይም ያላየውን ቀጥቃጭ ሳይሆን የሸጠለትን ባለሱቅ ነው። ከዚህም የሚብሰው ጉዳት ሌላ ነው። ነጋዴው መልካሙን የእጅ ሥራ ከመጥፎው ለይቶ የሚያውቅበት ዘዴ ከሌለው፣ አንድ መጥፎ ቢላዋ ተመልሶ ሲመጣበት «የአገር ውስጥ ሥራ አይረባም» ብሎ ሁሉንም በአንድነት ይተዋል። በዚህም ጊዜ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ቀጥቃጭ ከማያውቀው ጋራ እኩል እንጀራውን ያጣል፤ ባለሱቁም ለብዙ ዓመት የሚታመን ሸቀጥ ያመልጠዋል። ስለዚህ የእጅ ሥራ ቢላዋን መርምሮ መምረጥና በትክክል ማዘዝ ለነጋዴው ጥቅም ያለው ዕውቀት ነው።

ሥራው ይቅደም

መልካም ቀጥቃጭ ቢላዋ ለማሠራት የመጣውን ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሠራተኛና ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ገዢ ሲገናኙ፣ የሚሠራው ቢላዋ ለሁሉም ሥራ የታሰበ ይመስላል እንጂ ለአንዱም አይመችም። የጣናን ዳርቻ ኑሮ ብቻ ብንመለከት እንኳ ቢላዋ የሚውልበት ሥራ እጅግ የተለያየ ነው።

ዓሣ ነጋዴው ቀረሶን ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሥጋውንም ከአጥንቱ ይገፍፋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ቀጭንና ጠባብ፣ ሲጫኑት ጥቂት የሚተጣጠፍና መልሶ የሚቃና ቢላዋ ነው። የጀርባው ውፍረት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ የስለቱ ርዝመት ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አምባዛ ግን ቅርፊት የሌለው ሆኖ ራሱ ትልቅና አጥንታም ነው። በቀጭኑ የመግፈፊያ ቢላዋ የአምባዛን ራስ ለመፍለጥ የሚታገል ሰው ስለቱን ቢሸርፈው ጥፋቱ የቢላዋው አይደለም። ለዚያ ሥራ ወፈር ያለና ክብደት ያለው ሌላ ቢላዋ ያስፈልጋል።

በማድ ቤት ደግሞ ለወጥ የሚከተፈው ሽንኩርት ብዙ ስለ ሆነ፣ የሚመቸው ቢላዋ ወርዱ ሰፋ ያለ፣ ማለት ከስለቱ እስከ ጀርባው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። ወርዱ ካልሰፋ የከታፊዋ ጣቶች በመክተፊያው ላይ እየተጋጩ ይቸገራሉ። ዶሮን በሥርዐቱ 12 ብልት አድርጎ ለመገነጣጠል ግን የሚበጀው አጥንቱ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ፈልጎ የሚገባ፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠባብና ሹል ቢላዋ ነው። በበዓል ቀን ቅርጫ ለሚከፋፈሉ ሰዎች ትልቅ ካራ፣ በማዕድ ላይ ጥሬ ሥጋ ለሚቈርጡ ደግሞ ስለቱ በጣም ቀጭን የሆነ ትንሽ ቢላዋ ይስማማል።

ወደ ሜዳው ሥራ ስንመጣ፣ ገበሬው፣ እረኛው፣ መንገደኛውና በደንገል ታንኳ የሚጓዘው ሰው በወገባቸው የሚይዙት ቢላዋ ገመድ ይቈርጣል፣ እንጨት ይቀርፃል፣ ቆዳ ይበሳል፣ ምሳም ያዘጋጃል። ለዚህ የስለቱ ርዝመት ከ9 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ብዙ ሰዎች ቢላዋው በረዘመና በወፈረ መጠን የሚበልጥ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለው ቢላዋ ሽንኩርቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቈርጠውም። ማገዶ መፍለጥ የመጥረቢያ፣ ቁጥቋጦ መመንጠር የገጀራ፣ ሣርና ደንገል ማጨድ የማጭድ ሥራ ነው። ቢላዋ የእነዚህን ሁሉ ሥራ ይሥራ ቢባል ይሰበራል።

ገዢው አንድ ቢላዋ ብቻ ለመያዝ የሚፈልግ ከሆነ፣ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ጥቂት የጐበጠ ቢላዋ ለቤትም ለሜዳም ያገለግለዋል።

ብረቱ

ሁለተኛው ጥያቄ «ከምን ብረት ተሠራ?» የሚለው ነው። ብረት ሁሉ ቢላዋ አይሆንም። ብረትን ዐረብ ብረት የሚያሰኘውና ስለት የሚይዝ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን ነው። ለቤት መሥሪያ የሚሸጠው ተራ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ከመቶ 0.2 እጅ ገደማ ስለ ሆነ፣ ቀጥቃጩ ምንም ቢደክም በእሳትና በውኃ አይጠነክርለትም። ከፌሮና ከላሜራ የተሠራ ቢላዋ አዲስ ሳለ ስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት እንደ ሠራ ስለቱ ይታጠፋል።

የአገራችን ቀጥቃጮች ከሚወዷቸው ብረቶች ዋናው የከባድ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከመቶ 0.5 ወይም 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ያለው፣ ሸክምን ተሸክሞ መታጠፍና መቃናት እንዲችል ታስቦ የተቀመመ ዐረብ ብረት ነው። ስለዚህ ለሜዳ ቢላዋ እጅግ ተስማሚ ነው። አሮጌ ሞረድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ወደ ከመቶ 1 እጅ የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የማይደነዝዝ ስለት ይወጣዋል። ነገር ግን በአግባቡ ካልበረደ እንደ ሸክላ ይሰበራል። እንዲሁም ሞረድ ሁሉ ዘር አንድ አይደለም፤ ርካሾቹ ላያቸው ብቻ የጠነከረ፣ ውስጣቸው ለስላሳ ብረት የሆነ አሉ።

ባሌስትራም ቢሆን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመንገድ ላይ ለብዙ ዓመት የደከመ ባሌስትራ ለዐይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ጠንቃቃ ቀጥቃጭ የተሰበረበትን አካባቢ ጥሎ ከደኅናው ክፍል ይቈርጣል፤ በቀጠቀጠም ጊዜ ስንጥቅ ከታየበት ሥራውን ትቶ ሌላ ያነሣል። ነጋዴው ብረቱ ከምን እንደ መጣ ጠይቆ ግልጽ መልስ የሚሰጠውን ሠራተኛ መምረጥ ይገባዋል።

የማይዝገው ብረት ነገርስ? ይህ ብረት በቢላዋ ሥራ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1913 ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ዐዋቂ በሼፊልድ ከተማ ክሮሚየም ያለበትን ዐረብ ብረት ከሠራ በኋላ ነው። ዛሬ የማይዝግ ለመባል ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ሊኖርበት ይገባል። ከዚህ ወገን እጅግ መልካም ቢላዋ ይሠራል፤ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ስፍራ፣ ለምሳሌ በዓሣ መሸጫና በሆቴል ማድ ቤት፣ ተመራጭ ነው። ነገር ግን «አይዝግም» ማለት «አይደነዝዝም» ማለት አይደለም። በርካሽ የሚመጣው የሚያብለጨልጭ ቢላዋ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ስለቱ ቶሎ ይሄዳል።

እሳቱና ማብረጃው

ብረቱ መልካም ሆኖ ሳለ ቢላዋው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው እሳት ነው። ቀጥቃጩ በወናፍ ባናፋው ከሰል ውስጥ ብረቱን አግሎ፣ በመስፍ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ቅርፁን ካወጣ በኋላ፣ ስለቱ እንዲጠነክር እንደ ገና ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያግለውና ወዲያውኑ በዘይት ወይም በውኃ ይነክረዋል። ሙቀቱ መድረሱን የሚያውቀው በብረቱ ቀለም ነው። የጋለ ብረት በ770 ዲግሪ ገደማ ማግኔት መሳቡን ስለሚያቆም፣ ማግኔት ማስጠጋት ለዐይን ጥሩ ረዳት ነው።

በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ከድንጋይ ላይ ቢወድቅ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ለስለስ ያለ ሙቀት ይጨመርበታል። ብረቱ ተወልውሎ በቀስታ ሲሞቅ፣ በ220 ዲግሪ ገደማ እንደ ገለባ ቢጫ ይመስላል፤ በ250 ገደማ ቡናማ፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ለማድ ቤት ቢላዋ ቢጫው፣ ለሜዳ ቢላዋ ወደ ቡናማ የሚያደላው ይስማማል። ሰማያዊው ለሞላና ለባሌስትራ ዐይነት ሥራ እንጂ ለስለት የለሰለሰ ነው። በፋብሪካ ይህ ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ለመልካም ቢላዋ የተለመደው ቁጥር ከ56 እስከ 60 ነው።

ይህ ሁለተኛው ሙቀት ጊዜ ይፈጃል፤ ከተጠናቀቀም በኋላ ቢላዋው ሲወለወል ምልክቱ ከላዩ ይጠፋል። የሚቸኩል ወይም ዋጋ የተቈረጠበት ሠራተኛ መጀመሪያ የሚዘለው ይህንኑ ነው። ነጋዴው በዋጋ ሲከራከር እየቀነሰ ያለው ምናልባት ይህንን የማይታይ የአንድ ሰዓት ሥራ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

በመደብር ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ዐይን የማያየውን የሚገልጡ ቀላል ፈተናዎች አሉ። ባለሱቁ አንድ ሞረድ፣ አንድ የነሐስ ዘንግና አንድ ወረቀት ቢኖረው ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ሞረዱን በስለቱ አጠገብ በቀስታ ማስኬድ ነው። ሞረዱ ብረቱን እንደ እንጨት የሚበላው ከሆነ ቢላዋው አልጠነከረም። እንደ መስተዋት የሚያንሸራትት ከሆነ በጣም ጠንክሯል፤ ማለስለሱ ተዘልሎ ይሆናል። በጥቂቱ የሚይዝ፣ ግን የሚያስቸግር ከሆነ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የቢላዋውን ስለት በነሐሱ ዘንግ ላይ አጋድሞ ጥቂት እየተጫኑ መጎተት ነው። ስለቱ በመጠኑ ተጣጥፎ ወደ ቦታው ቢመለስ ትክክል ነው። ታጥፎ ቢቀር ለስላሳ ነው፤ ቢሸረፍ ደረቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ቢላዋውን ወደ ብርሃን አቅንቶ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ መመልከት ነው። የተጣመመ ስለትና መሐሉን የሳተ ጫፍ በዚህ ይታወቃል።

አራተኛ፣ ወረቀት መቍረጥ ነው። ሳይቀድና ሳይንገጫገጭ ከሥር እስከ ጫፍ መቍረጥ አለበት።

አምስተኛ፣ እጀታውን አጥብቆ ይዞ ጫፉን በጣውላ ላይ በመጠኑ መጫን ነው። ብረቱ ከእጀታው ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ድምፅ ወይም መነቃነቅ ከተሰማ ዕቃውን መቀበል አይገባም።

እነዚህ ፈተናዎች በውጭ አገርም የተለመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር ለመጀመሪያው የሞያ ማዕርግ የሚያቀርበው ፈተና እንዲህ ነው፤ አንድ ቢላዋ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቈርጣል፣ ወፍራም ጣውላ ሁለት ጊዜ ይበጥሳል፣ ከዚያም በኋላ የክንድ ጠጉር ይላጫል፣ በመጨረሻም በማሰሪያ ተይዞ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ሁለት ላይ አይሰበርም። የፈተናው ምስጢር ጥንካሬና ታጣፊነት በአንድ ቢላዋ መገናኘት እንዳለባቸው ማሳየት ነው። ባለሱቅ ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ከአንድ ደርዘን አንዱን ለፈተና መሠዋት ከአንድ ደርዘን ደንበኛ ወቀሳ ይሻላል።

እጀታውና ሰገባው

እጀታው ለእጅ፣ ሰገባው ለወገብ ደኅንነት ነው። በልማድ የቢላዋው ጅራት ግሎ በእንጨት ወይም በቀንድ ውስጥ እየተቃጠለ እንዲገባ ይደረጋል። ይህ አሠራር ለቀላል ሥራ ይበቃል። ለሜዳ ቢላዋ ግን ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ዘልቆ፣ ከግራና ከቀኝ እንጨት ተለብጦበት፣ በሁለት ወይም በሦስት ችንካር ቢያያዝ የሚበልጥ ነው።

ከእንጨት ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመቅረፅ የሚመች ነው። የበሬ ቀንድ ውበት አለው፤ ሆኖም በውኃ ውስጥ የሚውል ቀንድ ስለሚያብጥና ስለሚጣመም ለዓሣ ሥራ አይመከርም። እጀታው ሲያዝ አራቱ ጣቶች ሳይጨናነቁ ሊገቡበት፣ እርጥብ በሆነ ጊዜም እንዳያንሸራትት በመጠኑ ሻካራ ሊሆን ይገባል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ጣት ወደ ስለቱ እንዳይሄድ የሚያግድ ጐበጥ ያለ ክፍል ቢኖር ለሜዳ ቢላዋ ታላቅ ጥቅም አለው።

ሰገባው ወፍራም ቆዳ ሆኖ፣ ስለቱ ስፌቱን እንዳይቈርጥ በጠርዙ መካከል ተጨማሪ የቆዳ ድርብ ሊኖርበት ያስፈልጋል። ሰገባ ለመያዣ እንጂ ለማከማቻ አይደለም። ቆዳ የሐይቁን እርጥበት ስለሚስብ፣ በሰገባው ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ቢላዋ ዝጎ ይገኛል። ባለሱቅ ቢላዋውን ዘይት ቀብቶ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሰገባውን ለብቻ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

የቀጥቃጩ ስምና የነጋዴው ድርሻ

በጣና ዙሪያ የብረት ሥራ የቈየ ሞያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመድፍ መሥሪያ ማቋቋማቸውና ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 በዚያ መሠራቱ የታወቀ ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ደግሞ በጐንደር አጠገብ በወለቃና በሌሎች መንደሮች የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ለአካባቢው ገበሬ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከእነርሱም አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ከሰዎቹም ጋራ ብዙ የእጅ ዕውቀት ሄዷል።

ሞያው የቈየ ሲሆን ሞያተኛው ግን አልተከበረም። ቀጥቃጭ «ጠይብ» እየተባለ ሲሰደብ፣ ከእርሱ ጋራ መብላትና መጋባት ሲፈራ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሞያው መስደብን ከልክለዋል፤ የዚያ ልማድ ርዝራዥ ግን ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። የዚህ ነገር ጉዳት በንግድም ላይ ይታያል። ቢላዋው የሚሸጠው ያለ ሠሪው ስም ስለ ሆነ፣ መልካም የሠራው አይመሰገንም፤ መጥፎ የሠራውም አይጠየቅም። ስም የሌለው ሸቀጥ ደግሞ በዋጋ ብቻ ስለሚወዳደር ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ይወርዳል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የተባለው በዚህ ይፈጸማል።

በቢላዋ ሥራ የታወቁ አገሮች የሄዱበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ አካባቢ ያሉ ቢላዋ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1624 በፓርላማ ሕግ ማኅበር አቋቁመው፣ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት አስመዝግቦ በብረቱ ላይ እንዲመታ አደረጉ። በጀርመን አገር ደግሞ ዞሊንገን የሚለው የከተማ ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል፤ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ቢላዋ ይህን ስም ሊይዝ አይችልም። የእነዚህ ከተሞች ዝና የመጣው ከብረታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ገዢው ማንን እንደሚያመሰግንና ማንን እንደሚጠይቅ ስላወቀ ነው።

በባሕር ዳር ይህን ለመጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ነጋዴው ሥራውን ካረጋገጠለት ቀጥቃጭ ጋራ ተስማምቶ፣ በብረቱ ሥር ትንሽ ምልክት እንዲመታ ቢያደርግ፣ ከምልክቱም ጋራ የሠሪውን ስም ለገዢው ቢነግር፣ ደንበኛው «የእገሌን ሥራ ስጡኝ» እያለ መምጣት ይጀምራል። ከተማዋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም መገኛ ናት፤ የብረታ ብረት ትምህርት በዚያ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኗል። የቀጥቃጩ ልምድና የተማረው ሰው መለኪያ ቢገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የትእዛዝ አሰጣጥ

ትእዛዝ በቃል ብቻ ሲሰጥ ክርክር ያስከትላል። ነጋዴው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህን ነገሮች ጽፎ ወይም አስጽፎ አንዱን ቅጂ ለቀጥቃጩ መስጠት ይገባዋል፤

1. ቢላዋው የሚውልበት ሥራ።
2. የስለቱ ርዝመት፣ የወርዱ ስፋትና የጀርባው ውፍረት።
3. ብረቱ ከምን እንደሚሠራ።
4. የስለቱ አሳሳል፤ ለማድ ቤት በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ ለሜዳ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ።
5. የእጀታው ዐይነትና አያያዝ፣ እንዲሁም ሰገባ መኖር አለመኖሩ።
6. የሠሪው ምልክት የሚመታበት ስፍራ።
7. ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የመረከቢያው ቀንና ፈተናውን ያላለፈው ዕቃ የሚተካበት ውል።

መጀመሪያ አንድ ናሙና ማሠራት፣ ናሙናውን ለአንድ ወር በቤት ውስጥ መሥራት፣ ከዚያም አንድ ደርዘን ማዘዝ የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው። ሁለት ናሙና ተሠርቶ አንዱ ከቀጥቃጩ፣ ሌላው ከነጋዴው ዘንድ ቢቀመጥ ለወደፊቱ መመዘኛ ይሆናል። ለከሰልና ለብረት መግዣ ቀብድ መስጠትም ይገባል፤ ገንዘብ የሌለው ቀጥቃጭ ያገኘውን ብረት እንጂ የሚገባውን ብረት ሊገዛ አይችልም።

ስለ ዋጋም አንድ ምሳሌ ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ደንበኛ በየዓመቱ አንድ ርካሽ ቢላዋ የሚጥል ቢሆንና በሦስት እጥፍ ዋጋ የገዛው የእጅ ሥራ ቢላዋ ለአሥር ዓመት ቢያገለግለው፣ ትርፉ የማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ባለሱቁም ከአንዱ ሽያጭ የሚያገኘው ይበልጣል፤ በየጊዜው ስለቱን ለማሳል የሚመለሰው ደንበኛም ሌላ ዕቃ ሳይገዛ አይሄድም።

ለአስመጪና ለላኪ

የእጅ ሥራ ቢላዋ መስፋፋት አስመጪውን ከሥራ አያስወጣውም። ዐይነቱ የታወቀ ጠፍጣፋ ዐረብ ብረት፣ መልካም ሞረድና የመሳያ ድንጋይ ለቀጥቃጩም ለባለቤቱም ያስፈልጋሉ። የተሠራ ቢላዋ የሚያስመጣ ነጋዴም ከአቅራቢው የብረቱን ዐይነትና የሮክዌሉን ቁጥር በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ሊሰጥ የማይፈልግ አቅራቢ የሚሸጠው ውጫዊ መልክ ብቻ ነው።

ላኪው ደግሞ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል። አንደኛው የዕቃው መለያ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አከፋፈል ስለት ያለው ተራ ቢላዋ በ82ኛው ምዕራፍ በ8211 ቁጥር ሲመደብ፣ ጎራዴ፣ ሳንጃና የመሳሰለው ግን በጦር መሣሪያ ምዕራፍ በ9307 ቁጥር ይመደባል። የሥራ ቢላዋን ለጌጥ ሲባል እንደ ጩቤ ሁለት ስለት አድርጎ ማሠራት በተቀባዩ አገር ጉምሩክ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው እጀታው ነው። በጥንት ዘመን ለጎራዴ እጀታ ይውል የነበረው የአውራሪስ ቀንድም ሆነ የዝሆን ጥርስ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ንግድ ነው። የበሬ ቀንድም ቢሆን የእንስሳት ውጤት ስለ ሆነ፣ ላኪው ተቀባዩ አገር የጤና ማስረጃ የሚፈልግ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ሁሉ የእንጨት እጀታ ቀላሉ መንገድ ነው።

አያያዙ

የማይዝግ ካልሆነ ዐረብ ብረት የተሠራ ቢላዋ ቢዘነጉት ይዝጋል። ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው። ሽንኩርትና ሎሚ የቈረጠ ቢላዋ ወዲያው ታጥቦ መድረቅ አለበት። በጊዜ ብዛት ብረቱ ወደ ግራጫ ቢለወጥ ጉድለት አይደለም፤ ቀዩ ዝገት ግን ወዲያው መወልወል አለበት። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ በቀጭኑ ዘይት ይቀባል። ሲስሉትም ከሁለቱም ጎን እኩል፣ በአንድ ማዕዘን፣ ድንጋዩን እያረጠቡ ነው። በሚዞር የሞተር ድንጋይ ላይ እስኪያበራ የሚስል ሰው ስለቱን አቃጥሎ ቀጥቃጩ የደከመበትን ጥንካሬ ያጠፋዋል። እነዚህን ነገሮች በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ከቢላዋው ጋራ የሚሰጥ ባለሱቅ ብዙ ወቀሳ ይቀርለታል።

በጠቅላላው፣ ቢላዋ የሚመረጠው በሥራው፣ በብረቱ፣ በእሳቱና በእጀታው ነው፤ ብልጭታው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ከቀጥቃጩ ዘንድ ሲሄድ በዋጋ ብቻ የሚከራከር ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅለት ሰው ሆኖ ይቀርባል። ቀጥቃጩም ሥራው እንደሚመረመርና ስሙ እንደሚጠራ ሲያውቅ፣ የመጨረሻውን ለስላሳ ሙቀት አይዘልም።